ማንም ያላየው ቁስል

የዓለምወርቅን ማሳከክ የጀመራት በአርባ አምስት ዓመቷ፣ ልጇ ናዝሬት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በወሰደችበት ክረምት ነው። መጀመሪያ ቀላል ነገር መሰላት። ሙቀት ነው አለች፤ ቀጥሎ ሳሙናው ነው ብላ ሳሙና ቀየረች። መስከረም ጠባ፣ መስቀል አለፈ፤ ማሳከኩ ግን አልተዋትም።

የሚኖሩት ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማ ሱቆቹ ጀርባ ወደ ላይ በሚወጣው ኮረኮንች ዳር፣ ሁለት ክፍል ባላት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ባሏ ስብሐት የሐበሻ ቀሚስ ሰፊ ነበር፤ መንገድ ዳር ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አቁሞ ቀሚስ ላይ ጥለት ሲያያይዝ ይውላል። እሷ ነጠላ ትቋጫለች። ከሸማኔ እጅ የወጣውን ነጠላ ጭኗ ላይ ዘርግታ የጫፉን ክር ጥንድ ጥንድ እያደረገች ትገምዳለች። ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ዱካ ላይ ያስቀምጣል። እሷን ያሳከካት ደግሞ በመቀመጫዋ በኩል፣ ከፊት ነው።

የቦታውን ስም ጠርታው አታውቅም። በልጅነቷ እናቷ «ሀፍረትሽን ሸፍኚ» ይሏት ነበር፤ ከዚያ ሌላ ስም አልተነገራትም። ሀፍረቴን አመመኝ ተብሎ ለማን ይነገራል? ለማንም አልነገረችም። በሞቀ ውኃ ጨው በጥብጣ ታጠበች። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ ሞከረች። ሎሚም ሞከረች፤ ያን ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጓዳ ውስጥ ነጠላዋን ነክሳ ቆማ ቆየች። እየቆየ ቆዳው መሰንጠቅ ጀመረ። ሽንት ስትሸና ያቃጥላታል፤ ስታክከው ይደማል፤ ሳታክከው ደግሞ መኖር አልቻለችም።

ከባሏ ጋር መተኛት ጭንቅ ሆነባት። ስብሐት ክፉ ሰው አልነበረም። ቀልድ ያውቃል፣ እጁም አይነሳም። እሷ ግን ሲቀርባት ሰውነቷ ሁሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ሕመሙ ምላጭ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ከዚያ ጾምን መሸሸጊያ አደረገችው። ዓቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና ዓርብን ድሮም ይጾሙ ነበር፤ ጥቅምት ሲገባ ሌላ ጾም ጨመረች።

«ይሄ ደግሞ የማን ጾም ነው?» አላት ስብሐት፣ ጀርባዋን ሰጥታው እንደተኛች።

«የጽጌ።»

«ጽጌ የፈቃድ አይደል እንዴ?»

«ፈቅጄ ነው» አለች።

ሳቀ። ከልቡ እንዳልሳቀ ግን ገባት።

አንድ ቀን ቤቱ ጭር ሲል የስብሐትን የመላጫ መስታወት ወስዳ በሩን ቆለፈች። ያየችውን ማመን አቃታት። ቆዳው ነጭ ሆኗል፤ እንደ ሽንኩርት ልባስ የሳሳ፣ የተጨማደደ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ደም የቋጠረ። ከሁለቱም ጎን የነበረው ሥጋ ወደ ውስጥ ሸሽቶ የጠፋ መሰላት። መስታወቱን መልሳ ግድግዳው ላይ ሰቀለችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ወደ አእምሮዋ የመጣው አንድ ቃል ነው፤ ለምጽ። በመጽሐፉ ከሰፈር ውጭ የሚያስቀምጠው ለምጽ። ናዝሬት ያኔ ኮሌጅ ገብታለች፤ ነገ ዛሬ ሽማግሌ ይላክባታል። «እናትየው ለምጻም ናት» ቢባልስ? ከዚያን ቀን ወዲያ ሕመሙን ከሰው ብቻ ሳይሆን ከልጇም መደበቅ ዋና ሥራዋ ሆነ። የውስጥ ልብሷን ለብቻው አጥባ ከቀሚስ ሥር ደብቃ ታሰጣለች። ልጇ ባለችበት ልብስ መቀየር ተወች። እንጦጦ ማርያም ጠበል ሄዳ ሴቶቹ ልብሳቸውን ሲያወልቁ አየች፤ በጀሪካን ቀድታ ተመለሰች።

ቤተ ክርስቲያንም ያው ሆነ። የወር አበባዋ በአርባ ሰባት ዓመቷ ቆመ፤ ከቁስሉ የሚወጣው ደም ግን በየቀኑ ልብሷን ይነካል። ደም እያለባት መቅደስ መግባት አልደፈረችም። ከቅጥሩ ውጭ፣ ነዳያን ከሚቀመጡበት አለፍ ብላ፣ ግንቡን ተደግፋ ታስቀድሳለች። የሚያውቋት ሴቶች ዘግይታ የመጣች እየመሰላቸው «ግቢ እንጂ!» ይሏታል። እሷ «እዚሁ ይሻለኛል፣ ነፋስ አለው» ትላለች።

ሕመሙ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት አንድ የግል ክሊኒክ ሄዳ ነበር። በሰፈሯ እንዳትታወቅ ብላ ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የሄደችው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ጠየቃት።

«ያሳክካል?»

«አዎ።»

«ያቃጥላል?»

«አዎ።»

«ፈሳሽስ?»

ደሙን ማለቱ መስሏት «አዎ» አለች።

ሰውየው ከወንበሩ አልተነሣም። እሷም እየኝ አላለችም፤ ባለማየቱ እንዲያውም አመሰገነችው። መርፌ አዘዘላት፣ ኪኒን አዘዘላት። ከዚያ አንዲት ትንሽ ካርድ ጻፈ። «በግንኙነት የሚተላለፍ ነው። ባለቤትዎም መታከም አለባቸው፤ ይህን ይስጧቸው» አላት።

ካርዷን ለሦስት ቀን በጡት መያዣዋ ይዛት ዞረች። በአራተኛው ቀን ስብሐት ምሳውን ሊበላ ሲመጣ ሰጠችውና ወደ ጓዳ ገባች። ለምን እንደ ሰጠችው በኋላ ራሷን ብዙ ጊዜ ጠይቃለች። የሚያድናት መስሏት ነው። ሁለቱም ቢታከሙ ነገሩ የሚያበቃ መስሏት ነው።

ስብሐት ካርዱን አነበበ። ምሳውን ሳይበላ ወጣ። ለሁለት ሳምንት ያህል አንድም ቃል ስለ ካርዱ ሳይናገር ሰነበተና አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ፣ «ተመርምሬያለሁ። እኔ ምንም የለብኝም። አንቺስ ከየት ነው ያመጣሽው?» አላት።

የዓለምወርቅ ንጹሕ መሆኗን ታውቃለች። ነገር ግን ሐኪሙ ብሏል፣ ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ ደሙም አለ። ከየት እንደመጣ ስለማታውቅ፣ «እኔ እንጃ» አለች።

በዓለም ላይ ካሉት ቃላት ሁሉ የማይሆነውን ቃል መረጠች። ስብሐት አልሰደባትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መደብ ላይ ተኛ፤ በዓመቱ ደግሞ ስፌት መኪናውን በጋሪ አስጭኖ ወደ ሸጎሌ ሄደ። እዚያ ደሳለች ከምትባል ሴት ጋር አንድ ቤት መግባቱንና ልጅ መውለዱን ሰው ነገራት። ለምን እንደሄደ ግን ለማንም አልተናገረም። በዚህ ብቻ እንኳ ታመሰግነው ነበር።

ናዝሬት ግን አንድ ሰው መውቀስ ነበረባት። አባቷን ትወዳለች። በየምሽቱ እናቷ ለአባቷ ጀርባዋን ስትሰጥ፣ ሲያጫውታት ስትኮሳተር እያየች ቆይታለች። አንድ ቀን በንዴት፣ «አባዬን አንቺ ነሽ ያባረርሽው። ፍቅር አታውቂም፣ በቃ!» አለቻት። የዓለምወርቅ የያዘችውን ክር ገምዳ ጨረሰችና ሌላ ጥንድ አነሣች። ናዝሬት ሥራ ስትይዝ ቤት ተከራይታ ወጣች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ዕቃ ታስቀምጣለች፣ ጥቂት ተቀምጣ ትሄዳለች።

እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላ።

ባለፈው ሐምሌ የዓለምወርቅ የተቋጩ ነጠላዎች ልታደርስ ስትወርድ ኮረኮንቹ ላይ አዳልጧት ወደቀች። ቀኝ እጇ ከአንጓው ላይ ተሰበረ። ሆስፒታል ወስደው ጄሶ አሰሩላት። ናዝሬት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ልታስታምማት መጣች።

በሦስተኛው ቀን ናዝሬት ውኃ አሞቀች። «ነይ ላጥብሽ» አለቻት።

«ራሴ እታጠባለሁ።»

«በአንድ እጅሽ?»

«በአንድ እጄ።»

«እማዬ፣ ልጅሽ እኮ ነኝ። ምን ትሆኛለሽ?»

የዓለምወርቅ በግራ እጇ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣ ይዛ አለቅም አለች። ናዝሬት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተቆጣች፣ ቀጥሎ የእናቷን ፊት አየችና ፈራች። ሳፋው አጠገብ የተጣለውን የውስጥ ልብስ ናዝሬት ያን ጊዜ አየችው፤ ልታነሣው ስትል ደም አየችበት።

«እማዬ። የወር አበባሽ ከቆመ እኮ ስንት ዓመቱ ነው።»

የዓለምወርቅ ልብሱን በእግሯ ገፋችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንቺ ማትሪክ የተፈተንሽ ጊዜ» አለች የዓለምወርቅ። የልጇን ፊት ሳታይ፣ ወደ ግድግዳው እያየች፣ «አትንኪኝ። ለምጽ ነው። ወደ አንቺ እንዳይመጣብሽ» አለቻት።

ናዝሬት የያዘችውን ጆግ አስቀመጠች። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና እናቷ የምትለውን ሁሉ ሰማች። ጾሙን፣ ካርዱን፣ ግንቡን። ስትጨርስ ናዝሬት መጀመሪያ የተናገረችው፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» የሚል ነበር። ያንኑ እየደጋገመች አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ እናቷን አጠበቻት። ስታጥባት እጇ ለአፍታ እንኳ አልሸሸም።

ናዝሬት ጠያይቃ በአንድ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል የምትሠራ ዘኪያ የምትባል ሐኪም አገኘች። ዶክተር ዘኪያ ሻሽ ያሰረች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ከናዝሬት ጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። የዓለምወርቅን ስታነጋግር ብዕሯን አስቀምጣ ነው።

«እናቴ፣ ማየት አለብኝ። ሳላይ ምንም ማለት አልችልም። ልጅዎ ትቁም ወይስ ትውጣ?»

«ትቁም» አለች የዓለምወርቅ። ለምን እንዳለች እሷም አልገባትም።

አልጋው ላይ ወጥታ ተኛች። ነርሷ መጋረጃውን ዘጋች። ሐኪሟ የሚታጠፍ መብራት አቀረበች፣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና ዝቅ ብላ አየች። የዓለምወርቅ ዓይኗን ጨፍና ሐኪሟ እንድትጮኽ፣ ወይም እንድትነሣ ስትጠብቅ ነበር። ምንም አልሆነም።

«ይሄ ያማል?»

«አዎ።»

«እዚህ ጋስ?»

«አዎ።»

«በጣም ተሠቃይተዋል» አለች ሐኪሟ። ተነሥታ ጓንቷን አወለቀች። «ይለበሱ፣ እነግርዎታለሁ።»

የዓለምወርቅ ቀና አለች። «አሁኑኑ? ደም ሳትወስጂ?»

«ብዙውን ጊዜ በዓይን ይታወቃል፣ እናቴ። ላይክን ስክለሮሰስ ይባላል። የቆዳ በሽታ ነው። ለምጽ አይደለም፤ የሥጋ ደዌም አይደለም። አይተላለፍም። ከወንድ አይመጣም፣ ወደ ወንድም አይሄድም። ባለመታጠብ አይመጣም፤ ብዙ በመታጠብ ግን ይብሳል። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ቆዳ ሲያጠቃ ነው። በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ብዙ ሴቶችን ይይዛል፤ አንዳንዴ ትንንሽ ልጆችንም ይይዛል።»

«ከወንድ አይመጣም?» አለች የዓለምወርቅ።

«አይመጣም።»

«ፈጽሞ?»

«ፈጽሞ።»

የዓለምወርቅ ጄሶ ያለበትን እጇን በግራ እጇ አቅፋ ተቀመጠች። ቀጥሎ የተባለውን ናዝሬት ናት የሰማችው። አንድ ቦታ ላይ ቆዳው ወፈር ብሏል፤ ሐኪሟ አደንዝዛ የምስር ፍሬ የምታክል ቁራጭ ወስዳ ታስመረምራለች፤ ምክንያቱም ይህ በሽታ ሳይታከም ሲቆይ አልፎ አልፎ ወደ ካንሰር የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ለማሳከኩ የሚቀባ ቅባት አለ፤ ክሎቤታሶል። የሽንብራ ግማሽ የምታክል፣ በስሱ፣ ማታ ማታ ለአንድ ወር፤ በሁለተኛው ወር አንድ ቀን እያለፈ፤ በሦስተኛው በሳምንት ሁለቴ። ሳሙና፣ ሎሚ፣ ጨው የሚባል አይነካም፤ በውኃ ብቻ ታጥቦ ቫዝሊን መቀባት ነው። ቢሻላትም በየስድስት ወሩ እየመጣች መታየት አለባት።

«ይድናል?» አለች ናዝሬት።

«ጨርሶ አይጠፋም። ግን ይያዛል። ማሳከኩ ይቆማል፣ ቁስሉ ይደርቃል። የተጣበቀው፣ ከቅርጹ የጠፋው ግን አይመለስም።» ይህን ስትል ወደ የዓለምወርቅ ዞረች። «ይህን የምነግርዎት በኋላ እንዳያዝኑብኝ ነው።»

የዓለምወርቅ ያን ጊዜ ጠየቀች። «ልጄ፣ ይሄ ቅባት አዲስ የመጣ ነው?»

«አይደለም፣ እናቴ። ብዙ ዘመኑ ነው።»

«የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነበር?»

«ነበር።»

«የዛሬ አሥር ዓመት አንድ ሰው እንዲህ መብራት አቅርቦ ቢያየኝ ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም። ዶክተር ዘኪያም አልጨረሰችላትም። ወንበሯን አስጠጋችና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ውጭ ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ነርሷ ሁለት ጊዜ በሩን ከፍታ አይታቸው መልሳ ዘጋችው።

የቁራጩ ውጤት በሁለት ሳምንት ደረሰ። ካንሰር አልነበረም።

ጄሶው እስኪፈታ ድረስ ቅባቱን የምትቀባት ናዝሬት ነበረች። በአሥራ አንደኛው ቀን የዓለምወርቅ ከእንቅልፏ ስትነቃ ፀሐይ ወጥቷል። ጎረቤት በሩን ከፍቶ፣ ውኃ ቀድቶ፣ ልጆችም ለጨዋታ ወጥተዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማሳከኩ ሳይቀሰቅሳት ነግቶ አያውቅም። ናዝሬት ደስ ብሏት እልል ልትል ምንም አልቀራትም። የዓለምወርቅ ግን ፊቷን በጋቢው ሸፍና አለቀሰች። «የእህል ፍሬ በምታክል ቅባት» አለች። «በዚች!» ናዝሬት አጠገቧ ገብታ ተኛች።

ደሙ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ወሩ መስከረም ነበር። አንድ እሑድ ታጥባ፣ የራሷን እጅ ሥራ ነጠላ ለብሳ፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር አልፋ ገባች። ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችው ያህል አልሆነላትም። ሳትታመም በፊት ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ የማታውቃቸው ሴቶች ቆመዋል። አጠገቧ ትቆም የነበረችው መልካም ድምፅ የነበራት ሴት የት እንዳለች ብትጠይቅ፣ «እንዴ፣ ካረፈች አራት ዓመቷ እኮ ነው» አሏት። ግንቡ ውጭ ቆማ የሬሳ ሳጥኑ በፊቷ ሲያልፍ አይታ ይሆናል፤ የማን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

በማግስቱ ናዝሬትን፣ «አባትሽ ጋ ደውዪልኝ። ልሄድ ነው» አለቻት።

«እኔም እመጣለሁ።»

«ብቻዬን።»

የስብሐት ቤት ሸጎሌ፣ ከከብት ገበያው አለፍ ብሎ ከአዳዲሶቹ ቤቶች ኋላ ነበር። በሩን የከፈተችላት ደሳለች ናት። የዓለምወርቅን አይታት ባታውቅም ወዲያው አወቀቻት፤ ወንበር አቀረበችላት፤ ሰባት ዓመት የሆናትን ልጇን ሮሐን እጇን ይዛ «ሱቅ ደርሰን እንመጣለን» ብላ ወጣች። ስብሐት ከውስጠኛው ክፍል መጣ። ስኳር ይዞታል፤ ዓይኑ ደክሞ ስፌት ትቷል። ከስቷል።

«እግዜር ይማርሽ፤ እጅሽ ተሰብሮ ነበር አሉኝ» አለ።

«ድኗል። ለሱ አይደለም የመጣሁት።»

ሐኪሟ የነገረቻትን ሁሉ ነገረችው። የበሽታውን ስም አፏ ላይ ሦስቴ ተሳስታ በአራተኛው አወጣችው። የቆዳ በሽታ መሆኑን፣ እንደማይተላለፍ፣ ከወንድ እንደማይመጣ፣ ክሊኒኩ ያለው ሰው ሳያያት እንደ ጻፈ ነገረችው። ስብሐት አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ በመጨረሻ። «ያመኛል ማለት እንኳ…»

«ምን ብዬ? ስሙን አላውቀውም። ቦታውንም ስሙን ጠርቼው አላውቅም።»

ስብሐት እጆቹን ጉልበቱ ላይ እያሻሸ ነበር። ከዚያ፣ «እኔም የምነግርሽ አለኝ» አለ።

«ንገረኝ።»

«ናዝሬት ድክ ድክ ስትል አንዲት ሴት ነበረች። ሦስት ወር ያህል። ከዚያ በቃ ተውኩት። ካርዱን ስትሰጪኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ይሄ ሁሉ ዓመት ተደብቆ ቆይቶ አሁን እሷ ላይ ወጣ አልኩ። ገደልኳት አልኩ። ያን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ሁለት ቦታ ተመረመርኩ። ሁለቱም ቦታ ነጻ ነህ አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቂኝ። ወደ ቤት ስመጣ ግን መንገድ ላይ፣ እኔ ካልሆንኩ እሷ ናት አልኩ። ሳላጣራ። ጥፋተኛ አለመሆኔ ጣመኝ፣ የዓለም። እውነቱ እሱ ነው።»

የዓለምወርቅ የሰማችው እስኪገባት ጊዜ ወሰደባት። ያንን እሑድ አስታወሰች፤ በር ላይ ቆሞ «እኔ ምንም የለብኝም» ያለበትን ድምፅ። ያን ጊዜ ያፈረችው እሷ ነበረች።

«እኔ እንጃ ያልኩህ ጊዜ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንተ ግን የራስህን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ያውም ናዝሬት ድክ ድክ ስትል።»

«ይቅር በይኝ።»

ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው ቢመጣ ደስ ባላት። አልመጣም። ከፊቷ ያለው ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ነው። ያቺ ሴትም፣ ክሊኒኩም፣ ካርዱም ሁሉ ሩቅ ሆነው፣ አጠገቧ የቀረው ያለፈው ዕድሜ ብቻ ነበር።

«ምን ላድርግልሽ?» አላት።

«ምንም። አንድ ነገር ብቻ በለኝ። ከሌላ ወንድ አላመጣሽም በለኝ። በአፍህ ልስማው።»

ስብሐት ቀና ብሎ አያት። «አላመጣሽም» አለ። «ንጹሕ ነበርሽ። ንጹሕ ነሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ተነሣች። ደሳለችና ሮሐ ሲመለሱ በር ላይ ተገናኙ። ልጅቷ የናዝሬት ግንባር አላት። የዓለምወርቅ ጎንበስ ብላ ሳመቻት። ደሳለችን ደግሞ፣ «እባክሽ እግሩን ሁልጊዜ እይለት፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል አይታወቀውም» አለቻት። ደሳለች «እሺ፣ እትዬ» አለች።

ስብሐት እስከ አስፋልቱ ሸኛት። «መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ» አላት።

ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄድ ሚኒባስ መጣና ተሳፈረች። መኪናው ገና ሳይሞላ እንባዋ መውረድ ጀመረ። መሸፈን አልቻለችም፤ መሸፈንም አልፈለገችም። አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«ልጄ፣ ሐዘን ነው?» አሏት።

«አዎ፣ እማማ።»

«ውይ! ማን ሞተብሽ?»

የዓለምወርቅ ልትመልስ አሰበች። ማንም አልሞተም። ባሏ ቆሞ ሸኝቷታል፤ ልጇ ቤት ትጠብቃታለች፤ እሷም ድናለች። ግን ለማን እንደምታለቅስ ታውቅ ነበር፤ ጭኗ ላይ ነጠላ ዘርግታ፣ ቀና ሳትል፣ ዝም ብላ ለኖረችው ሴት ነው።

«እህት እንደ ማለት ናት» አለች።

«ልጅ ናት?»

«አርባ አምስት ዓመቷ ነበር።»

«አይ፣ ገና ናት እኮ!» አሉ አሮጊቷ። «ታማ ነው?»

«ታማ ነው። ማንም አላወቀላትም።»

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። ነፍሷን ይማር።»

«አሜን» አለች የዓለምወርቅ። አሮጊቷ ጠጋ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ሰጧት፤ እሷም ተቀብላ ዓይኗን ጠረገችበት። ረዳቱ «ሂድ ሳበው!» አለና በሩን ዘጋው።